የእኩል ጋሪ

ከገሪት ጋር ገዛነው፣ ከጨረታ ሜዳ፣
እሱ ግማሹን በጥሬ፣ እኔ ግማሹን በዕዳ፤
ከትራክተር ኋላ ታስሮ ቅጠል የሚጠርግ፣
ሞተር የሌለበት፣ ነዳጅም የማይፈልግ፤
ጎማው ጥርስ ሲያዞር፣ ጥርሱ ብሩሽ ሲያሻ፣
ከኋላ ያለው ሸራ ይቀበላል ጉርሻ።

ሚሺጋን ነን እኛ፤ ጥቅምት ከገባበት፣
ሜፕሉ ይራቆታል ሣሩን ሊያለብስበት።
ሁለት ቤት፣ አንድ አጥር፣ አንድ አባት፣ አንድ ጋሪ፤
አባት ሲያልፍ ገሪት ድርሻውን ሸጠና ለቤት ሠሪ፣
ዓሥራ አንድ ዓመት ሞላን ሳንነጋገር ቃል።
ጋሪ ግን እንደ ማሳ እንዴት ይከፈላል?

ረቡዕ እኔ ጋ ነው፤ ቅዳሜ እሱ ጋ ይሄዳል፤
እሑድ ማንም አይነካው፣ አጥሩ ቀዳዳ ላይ ያድራል።
በረዶው ሲመጣ ተራ አለን፦ ጎዶሎ ዓመት እሱ ጎተራ፣
አይጥ እንዳይበላው ከወራጁ ተሰቅሎ ሸራ።

ሕጉ ሳይጻፍ ጸና። እሱ ሸራ ያናፍሳል፤
እርጥብ ቅጠል ውስጡ ካደረ ይበሰብሳል።
እኔ ግራሶ ይዤ እተኛለሁ ከሥሩ፣
ኩሽኔቱን አጠጣለሁ፣ ጥርሱን እጠርጋለሁ ከአሸዋ፣ ከሣሩ፤
የተጠመጠመ ሲባጎ ከዘንጉ ላይ እፈታለሁ፣
የትኛው ጎማ እንደከሳ በአውራ ጣቴ እለያለሁ።

ሲታጠፍ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ መስኮቴን ከፍቼ
የት እንደደረሰ አውቃለሁ፣ ፊቱን ሳላይ፣ ሰምቼ።
ሲቸኩልም አውቃለሁ፦ ቅጠሉ በሸራው አናት ይዘልላል፤
በአንደኛ ማርሽ መንዳት ስልሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ከብዶታል።

ጠባችንስ? ጠባችን የብሩሹ ከፍታ ነው፤
እኔ ዝቅ አደርጋለሁ፣ እሱ ከፍ ሊያደርገው።
ግማሽ ጣት ሣሩን ይንካ እላለሁ፣ በመፍቻ፤
እሱም ይመልስልኛል፣ በመፍቻ ብቻ።
ዓሥራ አንድ ዓመት እንዲህ፣ ደብዳቤ ሳይኖረን፣
አንዲት ብሎን አጥብቀን፣ አንዲት ብሎን አላልተን፣
ተባባልን የሆዳችንን።

ዘንድሮ ግን ረቡዕ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ጋሪው ከነሸክሙ ቆሟል ከአጥሩ ጋራ።
እጄን ብሰድ ቅጠሉ ከውስጥ ተጋግሏል፤
ሸራው ሥሩ ጠቁሯል፣ ስፌቱ ሻግቷል።
የመንጠቆው ፒን ደግሞ ተገልብጦ ገብቷል
(ይህን ያየሁት ቆይቶ ነው፤ ቁጣ ዓይን ይጋርዳል)።
አፌን ሞላው የዓሥራ አንድ ዓመት ስድብ፤
ቃል በቃል አሰናድቼ፣ ቀዳዳውን አለፍኩ፣ ሳነበንብ።

ገሪት በረንዳው ላይ ነው። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ
እንደ ውሰት ዕቃ ተጋድሟል፣ ሳይ።
ከንፈሩ ባንድ በኩል ወርዷል። ስድቤ ካፌ ጠፋ።
«ገመዱ ከበደኝ» አለ፤ «ሦስቴ ሳብኩት፣ እምቢ አለ ሊደፋ።»

«ሐኪምስ?»
«ሰኞ አይቶኛል።»
«ለምን አልነገርከኝም?»
«ነገርኩህ እኮ።
ሳልደፋ ተውኩልህ።»

ተመለስኩ። ገመዱን ሳብኩ። ክምሩ ተንዶ ወረደ፤
ከውስጡ እንፋሎት ወጣ፣ በብርዱ ላይ ሄደ።
ሸራውን በውኃ አጥቤ ሰጣሁት ባጥሩ ላይ፣
ግማሹን በእሱ በኩል፣ ግማሹን በእኔ፣ ለፀሐይ።
ግራሶዬን አንሥቼ ከጋሪው ሥር ልተኛ ስል
ድምፁ መጣ ከበረንዳ፣ የተንሻፈፈ፣ ቀስ ሲል፦

«ሃርም። ብሩሹን ዝቅ አድርገኸዋል። ሣሩን ይነጨዋል።»
«ግማሽ ጣት ነው።»
«አንድ ሙሉ ጣት ያልፋል። አምጣው ልለካ።»

ጋሪውን በእጄ ጎተትኩለት እስከ ደረጃው።
ጎንበስ አለ፤ ደገፍኩት። ግራ ጣቱን
ከብሩሹ ሥር ሣሩ ውስጥ ሰደደና
ለካ።
«አንድ ጣት ከሩብ» አለ።
«ጣትህ ከስቶ ነው» አልኩት።